ነጩ ክር ከጠጠሩ ሲወጣ

መብራት የጠፋው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ሲመለስ አራት ሰዓት ሆኗል። ሳሎኑ ጥግ ላይ ያለው አኳሪየም ፊልተሩ እንደገና ማንጎራጎር ሲጀምር፣ የሰባት ዓመቷ ልጅ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ቀረች። «አባዬ፣ ውሃው ውስጥ ክር አለ። ይንቀሳቀሳል።» አባቷ መጥቶ የስልኩን መብራት አበራ። አንድ ክር ብቻ አልነበረም። ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩ፣ ርዝመታቸው ከሁለት ሴንቲ ሜትር የማያልፍ ነጫጭ ነገሮች ከጠጠሩ መሃል እየወጡ፣ እየተጥመለመሉ ወደ ላይ ይነሳሉ፤ ደግሞ ይወርዳሉ። አያትየው ከተቀመጡበት ሳይነሱ ነገሩን ቋጩት፦ «ኮሶ ይዟቸው ነው ልጄ። የሚያሽር ነገር ፈልግላቸው።»

በማግሥቱ አባት ከሥራ ሲመለስ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ጎራ አለ። «የትል መድኃኒት» ሲል ሻጩ «ለበግ ነው ለከብት?» ብሎ ጠየቀው። ለዓሣ መሆኑን ሲሰማ ጥቂት አሰበና አንድ እሽግ አወጣለት፤ ለስንት ሊትር ውሃ ስንት እንደሚገባ ግን ሊነግረው አልቻለም። እሽጉ ቤት ገባ፤ ከአኳሪየሙ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ደግነቱ ያን ቀን ማታ አልተከፈተም።

እንዲህ ያለው ምሽት ዓሣ በሚያረባ ቤት ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ይመጣል። የሚያስደነግጠውም ከትሉ ከራሱ ይልቅ ስሙ ነው። አማርኛ «ትል» የሚለውን ቃል ለብዙ ፍጥረት ያውለዋል። ሥጋ ላይ የሚፈላው የዝንብ እጭ ትል ነው፤ ዝናብ ሲጥል ከአፈር የሚወጣውም፣ ሆድ ውስጥ የሚያድረውም ትል ነው። ኮሶ ደግሞ የትሉም የመድኃኒቱም ስም ነው። የደጋው የኮሶ ዛፍ፣ በሳይንስ ስሙ ሃጌንያ አቢሲኒካ፣ የሴቴ አበባው እየተወቀጠ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን ረጅም ትል ለዘመናት ሲያሽር ኖሯል። ስለዚህ ትል ሲባል መድኃኒት አብሮ ትዝ ይላል፤ የአያትየው ፍርድ ከዚያ የመጣ ነው።

አኳሪየም ላይ ግን ይህ ልማድ ያሳስታል። ከመስታወቱ በስተጀርባ ከሚታዩት ትሎች አብዛኞቹ የዓሣ በሽታ አይደሉም። ዓሣው ሆድ ውስጥ ከገቡም የሚገቡት ተበልተው ነው።

ልጅቷ ያየቻቸው ክሮች ናይዲድ ከሚባለው ቤተሰብ የሚመደቡ፣ የመሬት ትል የውሃ ዘመዶች ናቸው። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ሰውነታቸው በቀለበት በቀለበት የተከፋፈለ ነው፤ በየቀለበቱ ጎን ጥቃቅን ፀጉር አላቸው። ኑሯቸው ጠጠር ውስጥ ነው። የሚመገቡትም ዓሦች ሳይበሉት የወደቀ ምግብ፣ የዓሣ ኩስና የበሰበሰ ቅጠል ነው። የብስባሽ ትል ቢባሉ ስማቸው ሥራቸውን ይገልጻል። ለመራባት ብዙዎቹ ጥንድ አያስፈልጋቸውም፤ የአንዱ ትል ሰውነት መሃሉ ላይ አዲስ ጭንቅላት ያበቅልና ሁለት ሦስት ሆነው እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ይቆያሉ፤ ከዚያ ይላቀቃሉ። ምግብ ካለ ይህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደጋገማል። አልፎ አልፎ ወደ ላይ የሚንሳፈፈውን ጋፒና ቤታ ዓሣ ለቅመው ይውጡታል፤ ለእነሱ ጥሩ ምግብ ነው።

ታዲያ ለምን ያን ማታ ወጡ? መብራት ስለጠፋ ነው። ፊልተሩ ሲቆም ውሃው ይረጋል፤ ከላይ ከአየር የሚገባው ኦክስጅን ወደ ታች መውረዱን ያቆማል። ጠጠሩ ውስጥ የተከማቸው ብስባሽ ግን ኦክስጅን መፍጀቱን አያቆምም። በሦስት ሰዓት ውስጥ ታችኛው ክፍል ይታፈናል፤ ትሎቹም ትንፋሽ ፍለጋ ይወጣሉ። ንጹሕ ጠጠር ባለው አኳሪየም መብራት ቢጠፋም ከሁለትና ሦስት ትል በላይ አይታይም። እዚህ ቤት ግን በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ። መቶ ትል የሚቀልብ ትርፍ ምግብ ጠጠሩ ሥር ነበር ማለት ነው።

የአኳሪየም ታሪክ የጀመረው በዚሁ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል፦ የተረፈውን ማን ይብላው? ፈረንሳዊቷ ዣን ቪልፕረ-ፓወር በሲሲሊ ደሴት መሲና ከተማ የባሕር ፍጥረታትን ለማጥናት የመስታወት ገንዳ የሠራችው እ.ኤ.አ. በ1832 ነው። የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1850 ለኬሚካል ሶሳይቲ ያቀረበው ጽሑፍ ውሃው ሳይቀየር ዓሣ እንዴት እንደሚኖር የሚያስረዳ ነበር። ጎልድፊሽና ቫሊስኔርያ የተባለ የውሃ ሣር አንድ ላይ አደረገ፤ ሣሩ ለዓሣው ኦክስጅን ይሰጣል። ግን ብዙም ሳይቆይ የሣሩ አሮጌ ቅጠል እየበሰበሰ ውሃውን አደፈረሰው። ዋሪንግተን መላ ያገኘው የኩሬ ቀንድ አውጣዎች ሲጨምር ነው፤ የበሰበሰውን በሉት፣ ውሃውም ጠራ። ዛሬም በየሳሎኑ ያለው ገንዳ ያለ ብስባሽ በላተኛ አይቆምም። ሰው ቀንድ አውጣ ባያስገባ ባክቴሪያና ትል ቦታውን ይይዛሉ።

ለዚህ ነው የዚህ ዓይነት ትል መፍትሔ መድኃኒት ያልሆነው። መድኃኒቱ መቶውን ትል በአንድ ሌሊት ቢገድል፣ መቶ ሬሳ በጠጠሩ ውስጥ ይበሰብሳል። ብስባሹ አሞንያ ይሆናል፤ አሞንያ የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። በጤነኛ አኳሪየም አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞንያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጣል፤ ግን ሥራቸው ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ዓሦቹ ውሃው ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ይታያሉ። ያኔ ባለቤቱ «ትሉ ገደላቸው» ይላል። የገደላቸው ግን ትሉን ለማጥፋት የተጣለው ነገር ነው።

እዚህ ቤት ነገሩ የተገኘው ምግብ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ነው። ልጅቷ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት አንድ ቁንጥር ትጥላለች። አባት ማታ ከሥራ ሲገባ አንድ ቁንጥር ይጥላል። አያትየው ደግሞ ቀን ብቻቸውን ሲሆኑ ዓሦቹ ወደ መስታወቱ እየተጠጉ ዓይን ዓይናቸውን ስለሚያዩአቸው አንጀታቸው አይችልም፤ ከቁርሳቸው የተረፈ የዳቦ ፍርፋሪ ጣል ያደርጋሉ። ሦስት እጅ፣ ስድስት ጋፒ። ጋፒ ለሰው እጅ መሮጡ የረሃብ ምልክት አይደለም፤ ምግብ ከየት እንደሚመጣ ስለለመደ ነው። ዳቦውማ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ጠጠር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ማንም አያየውም፣ ከትሎቹ በስተቀር።

አባት ነጭ ወረቀት ቆርጦ በሳምንቱ ቀናት ከፋፈለና መስታወቱ ጎን ላይ ለጠፈ። ምግብ የሰጠ ሰው ምልክት ያደርጋል፤ ምልክት ካለ ሌላው አይሰጥም። የሚሰጠው ዓሦቹ በሁለትና ሦስት ደቂቃ ውስጥ ጠራርገው የሚጨርሱት ብቻ ነው። እሑድ ምንም አይሰጥም፤ ጤነኛ ትልቅ ዓሣ አንድ ቀን ቢጾም አይጎዳም። ወረቀቱን የመጠበቅ ኃላፊነት የተሰጠው ለልጅቷ ነው፤ አያቷንም የምትቆጣጠረው እሷ ሆነች።

ከዚያ ጠጠሩ ተጠረገ። ገንዳው 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ስፋት፣ 30 ቁመት አለው፤ ሲባዛ 54 ሊትር ይመጣል። ጠጠሩና ከላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ ሲቀነስ ውሃው ወደ 45 ሊትር ነው። ይህን ስሌት ማወቅ በኋላ መድኃኒት ቢያስፈልግ ዋና ነገር ነው፤ በግምት «ሃምሳ ሊትር ገደማ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ዓሣ ጨርሰዋል። ሰፊ አፍ ያለው ቱቦ ከቀጭን ጎማ ጋር ይያያዛል፤ ሰፊው ጫፍ ጠጠሩ ውስጥ ይተከላል፣ ሌላው ጫፍ ታች ባልዲ ውስጥ ይገባል። ውሃው ሲወርድ ጠጠሩ ቱቦው ውስጥ እየተንከባለለ ይቀራል፤ ቡናማው ዝቃጭና ትሉ ግን ይወጣል። ጎማውን በአፍ መሳብ አይገባም፤ የገንዳ ውሃ የሰው ቆዳ ላይ ቁስል የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል፣ እጅ ላይ ቁስል ያለበት ሰውም ጓንት ማድረግ አለበት።

በየሳምንቱ የውሃው አንድ አራተኛ፣ ማለትም አሥራ አንድ ሊትር ያህል ይወጣል። የሚተካው የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑን የሚያከሽፍ ጠብታ ይጨመርበታል፤ ጠብታው ካልተገኘ ክፍት ባልዲ ውስጥ ሙሉ ቀን ያድራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ትል ያስጠላውና ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን ያወጣል፤ ጠጠሩን ያፈላል፣ የፊልተሩን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ፈትጎ ያነጣዋል። አሞንያን የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በዚያ ስፖንጅና በዚያ ጠጠር ላይ ነው። ክሎሪን ያለው ውሃ ይገድላቸዋል። ስፖንጁ የሚታጠበው ከገንዳው በወጣው ውሃ ባልዲ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ እየተጨመቀ ነው። ጠጠሩም በአንድ ጊዜ ግማሹ ይጠረጋል፤ የቀረው በሚቀጥለው ሳምንት።

በአራተኛው ሳምንት መብራት እንደገና ጠፍቶ ሲመጣ ልጅቷ የቆጠረችው አምስት ትል ነው። አምስት ትል መኖሩ መልካም ነው። ጨርሶ ትል የሌለበት ገንዳ እንዲኖር መመኘት ትል የሌለበት የጓሮ አፈር እንደመመኘት ነው።

ሁሉም ትል ግን እንዲህ ገር አይደለም።

መብራት ከጠፋ ከሁለት ሰዓት በኋላ በባትሪ ሲታይ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ የሚንሸራተት፣ ነጭ ወይም ቡናማ፣ ጠፍጣፋ ነገር ካለ ያ ፕላናሪያ ነው። አይጥመለመልም። ከሆዱ በታች ባሉ ዓይን በማያያቸው ፀጉሮችና በሚያወጣው ልጋግ ላይ እንደ ጠብታ ይፈሳል። ጭንቅላቱ እንደ ጦር ጫፍ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ሁለት ጥቁር ነጥብ ዓይኖቹ ወደ መሃል ስለተጠጉ ሸውራራ ያስመስሉታል። አፉ ጭንቅላቱ ላይ አይደለም፤ ሆዱ መሃል ላይ ነው። ሲመገብ ከዚያ ነጭ ቱቦ አውጥቶ ምግቡ ውስጥ ይተክልና ይመጠዋል። ለትልቅ ዓሣ አደጋ የለውም። ሽሪምፕ የሚያረቡ ሰዎች ግን በጣም ይፈሩታል፤ ልጋጉ ትንንሹን ሽሪምፕ ይይዛል፣ የዓሣ ዕንቁላልና ገና የተፈለፈለ ጫጩትም ይበላል። በሦስት ማዕዘን ጭንቅላቱ ካልተለየ ራብዶሲላ ከሚባለው የሩዝ ስባሪ ከመሰለ ምንም የማያደርግ ትንሽ ነጭ ትል ጋር ይምታታል። ጭንቅላቱ ድቡልቡል ከሆነ መተው ነው።

ፕላናሪያን ያየ ሰው የመጀመሪያ ስሜቱ በምላጭ ወይም በጥፍር መስታወቱ ላይ መጨፍለቅ ነው። ይህ ማባዛት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሩስያ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊ ፔተር ሲሞን ፓላስ የተቆረጠ ፕላናሪያ ራሱን እንደሚሞላ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1898 አሜሪካዊው ቶማስ ሃንት ሞርጋን፣ በኋላ በዝንብ ላይ ባደረገው የዘር ውርስ ጥናት የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው፣ ትሉን እየቆራረጠ ከ279 አንድ እጅ የምታህል ቁራጭ ሙሉ ትል እንደምትሆን ጻፈ። ምሥጢሩ ኒዮብላስት በተባሉት ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ በመላ ሰውነቱ ተበትነው ማንኛውንም የአካል ክፍል ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የራሱ ሕዋሳት በጨረር የተገደሉበትን ትል በአንድ ኒዮብላስት ብቻ መልሰው እንዳዳኑት አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የተቆራረጡ ፕላናሪያዎች ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተልከው አምስት ሳምንት ቆዩ፤ ከ15 ቁርጥራጮች አንዱ ሁለት ጭንቅላት አብቅሎ ተመለሰ። ሁለቱንም ጭንቅላት መሬት ላይ ሲቆርጡት እንደገና ሁለቱንም አበቀለ።

በረሃብ ማጥፋትም አይቻልም። ፕላናሪያ ምግብ ሲያጣ አይሞትም፤ ሰውነቱን እየበላ ያንሳል። ወራት ያልበላ ትል ከቀድሞ መጠኑ ቁራጭ ሆኖ ይኖራል፤ ምግብ ሲያገኝ ተመልሶ ያድጋል። ነገር ግን ረሃቡ አንድ ጥቅም አለው፤ ለወጥመድ ያመቻቸዋል።

ወጥመዱ ቀላል ነው። መርፌው የተነቀለለት የቆየ ሲሪንጅ ወይም ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይፈለጋል። ዓሣና ሽሪምፕ የማያስገባ፣ ለትሉ ግን የሚበቃ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ይበሳል። ውስጡ የምስር ፍሬ የምታህል ጥሬ ሥጋ ወይም ጉበት ይገባል። ዓሦቹ ለአንድ ቀን ምግብ አይሰጣቸውም። ማታ መብራት ሲጠፋ ወጥመዱ ጠጠሩ ላይ ይጣላል። ፕላናሪያ ብርሃን ይሸሻል፤ የሥጋውን ሽታ ተከትሎ በጨለማ ይመጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ በባትሪ ሲታይ ቱቦው ውስጥ እየተሳቡ ሥጋው ላይ የተደራረቡ፣ ሆዳቸው በሥጋው የቀላ ትሎች ይታያሉ። ሥጋው ሳይበሰብስ፣ ትሎቹም ጠግበው ሳይወጡ ወጥመዱ ከነውሃው ተጎትቶ ይወጣል፤ ፈልቶ ይደፋል። ለሁለት ሳምንት በየማታው ይደገማል። ወጥመድ ቁጥሩን በጣም ይቀንሳል፤ ነገር ግን የተደበቁና ዕንቁላላቸውን የጣሉ ይቀራሉ። ዕንቁላሉ ጥቁር ቡናማ ድቡልቡል ከረጢት ሆኖ በቀጭን ክር መስታወትና ቅጠል ላይ ይንጠለጠላል፤ ሲገኝ በጥፍር ተነቅሎ ይወጣል።

ሽሪምፕ ያለበት ገንዳ ወጥመዱ ካልበቃው ያኔ ወደ መድኃኒት መሄድ ያስኬዳል። አርቢዎች ብዙ የሚጠቀሙበት ፌንቤንዳዞል ነው፤ ለውሻና ለከብት የትል መድኃኒት ሆኖ የተሠራ፣ የትሉን ሕዋስ አጽም የሚያፈርስ። የተለመደው መጠን ከ10 በመቶ ዱቄት 0.1 ግራም ለ38 ሊትር ውሃ ነው። ይህ በሻይ ማንኪያ የሚለካ ነገር አይደለም፤ የወርቅ ሚዛን ይፈልጋል። ዓሣና ሽሪምፕ ይችሉታል። ቀንድ አውጣ ግን በብዛት ይሞታል፤ መድኃኒቱም ጠጠር ውስጥ ገብቶ ስለሚቆይ ለወራት ቀንድ አውጣ መልሶ ማስገባት አይቻልም። ከአሬካ ዘንባባ ፍሬ የሚዘጋጀውም ለፕላናሪያ ይሠራል፤ ቀንድ አውጣን በመጉዳት ይመሳሰላሉ። በየትኛውም ቢሆን በማግሥቱ የሞተው ትል ይጠረጋል፤ ከውሃው ሲሶው ይቀየራል፤ የአየር ፓምፕ ይበራል።

እውነተኛው የዓሣ በሽታ ከጠጠርም ከመስታወትም አይወጣም፤ ከዓሣው ራሱ ይወጣል። ጋፒ ረግቶ ሲቆም ከፊንጢጣው ሁለት ሦስት ቀይ ክር ብቅ ካሉ፣ ሲዋኝ ደግሞ መልሰው ከገቡ፣ ካማላነስ ነው። የወስፋት ወገን ነው፤ የዓሣውን አንጀት በጠንካራ አፉ ነክሶ ደም ይመጥጣል፤ መቅላቱ ከዚያ ነው። ዓሣው ምግብ እየበላ ይከሳል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ጀርባው ይጎብጣል። ሴቷ ትል ሕያው እጭ ውሃ ውስጥ ትለቃለች። እጩን ትንንሽ የውሃ ቁንጫ መሰል ፍጥረታት ይውጡታል፤ እነሱን ዓሣ ይበላል። ካማላነስ ኮቲ የተባለው ዝርያ እነሱ ሳይኖሩም ከዓሣ ወደ ዓሣ እንደሚተላለፍ ታይቷል። በገንዳ ውስጥ የሚከፋው ለዚህ ነው። በእስያ የነበረው ይህ ትል ሰዎች ባጓጓዟቸው ጋፒዎች ሆድ ውስጥ ሆኖ እስከ ሃዋይ ወንዞች ደርሷል።

እዚህ ላይ አያትየው ልክ ናቸው፤ የሚያሽር ያስፈልጋል። ሌቫሚሶል ትሉን ሽባ ያደርገዋል፤ ሲለቅ ዓሣው ከኩስ ጋር ያወጣዋል። መጠኑ በሊትር 2 ሚሊ ግራም፣ ለ24 ሰዓት ነው። ብርሃን ስለሚያበላሸው መብራት ይጠፋል። ከዚያ ጠጠሩ በደንብ ይጠረጋል፣ ግማሹ ውሃ ይቀየራል፤ ያለዚያ ዓሣው የወደቀውን እጭ መልሶ ይበላል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ይደገማል። ገንዳው ውስጥ አንድ የታመመ ዓሣ ከታየ የሚታከሙት ሁሉም ናቸው። አገራችን ውስጥ ለበግና ለፍየል የሚሸጠው ቴትራሚሶል ሌቫሚሶልን በውስጡ የያዘ ድብልቅ ነው፤ ነገር ግን ለ45 ሊትር የሚበቃው የነጠረ ሌቫሚሶል 90 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ለበግ የተሠራ ክኒን በዓይን ተገምቶ ተቆርሶ የሚጣልበት ገንዳ አይደለም። የእንስሳት ሐኪም ሒሳቡን ይሥራው። አይቨርሜክቲን ደግሞ ለዓሣ መርዝ ስለሆነ ጨርሶ አይቀርብም፤ ከመዳብ የሚሠሩ መድኃኒቶችም ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይፈጃሉ።

እንዶድና ብርብራም እንዲሁ። «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ የሚሞክር ሰው ስለማይጠፋ በግልጽ መነገር አለበት። ብርብራ በአገራችን ወንዝና ሐይቅ ዓሣ ማስከሪያ ሆኖ የኖረ ፍሬ ነው። የእንዶድን ነገር ለዓለም ያሳወቀው ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ነበሩ። ያ ግኝት እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኝቶለታል። ቀንድ አውጣውን የገደለው ሳፖኒን ግን ዓሣንም ይገድላል።

ቢልሃርዝያ ከተነሳ ለኢትዮጵያ አርቢዎች በተለይ የሚነገር አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ገንዳ ለማሳመር ከወንዝና ከሐይቅ ዳር ሣርና ቀንድ አውጣ ነቅሎ ማምጣት የተለመደ ነው። ባዮምፋላሪያ የተባለው ጠፍጣፋ ጥቅልል ቅርፊት ያለው ቀንድ አውጣ በአገራችን የሆድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ነው። ከእሱ ወደ ውሃ የሚወጣው እጭ ለአንድና ሁለት ቀን በሕይወት ይቆያል፤ በጤነኛ ቆዳም በስቶ ይገባል። ይህ ከፕላናሪያ ሁሉ የከፋ ትል ነው፤ የሚጎዳውም እጁን ገንዳው ውስጥ የሚከተውን ሰው ነው። ከዱር ውሃ የተነሳ ቀንድ አውጣ ቤት መግባት የለበትም። ከሱቅ የተገዛ ሣር እንኳ መጀመሪያ አንድ እጅ በረኪና በአሥራ ዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ከሁለት ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ይነከራል፤ ወዲያው ክሎሪን ማክሸፊያ ባለበት ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል። ቀጭን ቅጠል ያለው ሣር ይህን ስለማይችል በተለየ ባልዲ ሦስትና አራት ሳምንት ይቀመጣል። አዲስ ዓሣም እንደዚሁ ለብቻው ይቆያል፤ ካማላነስ ካለ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊታይ ይችላል።

የአባትየው እሽግ እስካሁን መደርደሪያው ላይ ነው፤ አልተከፈተም። ወረቀቱ ግን በየሳምንቱ ይቀየራል።

አንባቢ ሆይ፣ ትል የሞላበት ገንዳ አስመርሮህ ዓሣና ሣሩን ለመተው ብትወስን እንኳ ወደ ወንዝ፣ ወደ ቦይ ወይም ወደ ሐይቅ አትድፋው። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን የዞረው በአበባው ውበት ለጌጥ እየተወሰደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ግድብ ታየ፣ በ2011 ጣና ላይ። ሣሩን አድርቀህ አቃጥለው፤ የገንዳውን ውሃ አፈር ላይ፣ ከወራጅ ውሃ ርቀህ ድፋው፤ ዓሦቹን ለሚያረባ ሰው ስጥ።